እናቴን ይዤ ሮም፣ አራት ቀን፦ ጥያቄዬና 31 መልሶቹ

ጥያቄውን ኢንተርኔት ላይ የለጠፍኩት እሁድ ማታ ነው። እናቴ ደብረ ብርሃን 36 ዓመት ታሪክ አስተምራለች። ኮሎሲየምን በጠመኔ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ስንት ጊዜ እንደሳለችው እሷም አታውቀውም። መጀመሪያ ሞላላውን ክብ ትስላለች፣ ከዚያ ቅስቶቹን ከታች ወደ ላይ ትደረድራለች። ሰባተኛ ክፍል እያለሁ እኔም ከተማሪዎቿ አንዷ ነበርኩ፣ ከፊት ወንበር ተቀምጬ ስትስል አይቻታለሁ። በዓይኗ ግን አላየችውም። ጡረታ ከወጣች ሦስት ዓመት ሆናት፣ ጉልበቷንም እያመማት ነው። ስለዚህ ብዙ ሳይቆይ ልወስዳት ቆርጫለሁ።

የጠየቅኩት ይሄን ነው፦ በመጪው መጋቢት አራት ሙሉ ቀን ሮም እንቆያለን፣ ሁለታችንም አውሮፓን ረግጠን አናውቅም፣ ምን እናስቀድም፣ ምንስ እንተው? ከጥያቄው ሥር የያዝኩትን ዝርዝር አያያዝኩ። 23 ቦታ ነበረበት።

በሦስት ቀን 31 መልስ መጣ። አንዳንዱ ምክር ነው፣ አንዳንዱ ጠብ ነው፣ አንዳንዱ ደግሞ ከሮም ተነስቶ ማኪያቶ ላይ ያረፈ ነው። ክሩ፣ ማለትም የመልሶቹ ሰንሰለት፣ ረዘመብን፣ ጠቅልለሽ አስቀምጪልን ያላችሁኝ ብዙ ናችሁ። እንደገና ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። እንደ አመጣጡ፣ በራሴ አነጋገር እነሆ።

መልስ 1 የቦሎኛ ነዋሪ የሆነች እህት ናት። እናቴን ስላሰብኩ መረቀችኝ፣ ቀጥላ ዝርዝሬን በትህትና አፈረሰችው። 23 ቦታ በአራት ቀን ሩጫ እንጂ ጉብኝት እንዳልሆነ ነገረችኝ። በእሷ ስሌት በቀን አንድ ትልቅ ነገር ይበቃል። ቲኬታቸው አስቀድሞ መቆረጥ ያለበት ሁለት ብቻ ናቸው፦ ኮሎሲየምና የቫቲካን ሙዚየም። የቀረው በእግር ሲሄዱ የሚገኝ ነው። ከትሬቪ ፏፏቴ ፓንቴዎን የሚባለው ጥንታዊ ቤተ መቅደስ፣ ከፓንቴዎን ፒያሳ ናቮና አደባባይ ጥቂት ደቂቃ ነው። የቫቲካን ሙዚየም እሁድ ዝግ መሆኑንም ከእሷ ነው የሰማሁት። የወሩ የመጨረሻ እሁድ ይከፈታል፣ ያውም በነፃ። ግን የዚያን ቀን ሰልፍ ጉልበቱን ለሚያመው ሰው አትመክርም።

መልስ 2 ስለ ሮም አንድም ቃል የለውም። አጻጻፉ ደረቅ ነው፣ ግን ከሁሉም ቀድሞ የጠቀመኝ እሱ ነው። የሸንገን፣ ማለትም የአውሮፓ አገሮች የጋራ፣ ቪዛ በተለመደው አሠራር በ15 ቀን ይታያል። ከኤፕሪል 2024 እ.ኤ.አ. ወዲህ ግን ለኢትዮጵያ ፓስፖርት 45 ቀን ሆኗል፣ ደጋግሞ የሚያስገባ ቪዛም ቀርቷል። ማመልከቻው ከጉዞው ስድስት ወር ጀምሮ መግባት ይችላል። ክፍያው 90 ዩሮ ነው፣ ቢከለከሉም አይመለስም። የጉዞ ኢንሹራንሱ ቢያንስ 30,000 ዩሮ መሸፈን አለበት። ፓስፖርቱ ከመመለሻው ቀን በኋላ ቢያንስ ሦስት ወር ይኑረው፣ ሁለት ባዶ ገጽም ይቅርበት። ገንዘቡ የማይመለስ የአውሮፕላን ቲኬት ቪዛው እጄ ሳይገባ እንዳልቆርጥ ደግሞ ደጋግሞ አስጠነቀቀኝ። እውነቱን ነው። ለቀጠሮ ብቻ ሁለት ሳምንት ሌሊት ሌሊት እየተነሳሁ ስልኬ ላይ አፍጥጫለሁ። ክፍት ቀን ያገኘሁት ትናንት ነው።

መልስ 3 የጣልያን ቪዛ ከጣልያን ውጪ አያስኬድም ብሎ ጻፈ። መልስ 4 አረመው። ሸንገን 29 አገር ነው፣ አንዴ ከገቡ በመካከላቸው መንቀሳቀስ ይቻላል። ዋናው ነገር ማመልከቻው ብዙ ቀን ለሚቆዩበት አገር መቅረቡ ነው። በመልስ 5 ሦስተኛው ሰው ተመልሶ መጥቶ አመሰገነ፣ የሰማውን ሳያጣራ መጻፉንም አመነ። ደስ አለኝ። ክሩ እስከዚህ ድረስ የጨዋ ቤት ነበር።

መልስ 6 ነው ነገር የጀመረው። አውሮፓ ከተደረሰ አይቀር የሚል ወጣት ነው። በአራት ቀን ሮምን በአንድ ቀን ጨርሰን፣ ፍሎረንስ፣ ከዚያ ቬኒስ፣ ከዚያ ፓሪስ እንድንዘልቅ ፕሮግራም ሠርቶ ሰጠን። ፈጣኑ ባቡር ከሮም ፍሎረንስ አንድ ሰዓት ተኩል መሆኑ ልክ ነው። መልስ 7 ግን አልማረውም። ጉልበቷን የሚያማትን እናት ከባቡር ባቡር ማንከራተት ለፎቶ እንጂ ለእሷ ተብሎ የሚደረግ እንዳልሆነ ቁርጥ አድርጎ ነገረው። ወጣቱ ተቆጣ። እኔ ግን ከሰባተኛው ጋር ነኝ። እናቴ ሮምን ነው የምትፈልገው፣ አውሮፓን አይደለም።

አሁን ወደ መልስ 8 ልምጣ። ሮም ከገባች 21 ዓመት የሆናት፣ አረጋውያንን በመንከባከብ የምትተዳደር እህት ናት። ሥራ ላይ ሆና በስልክ እንደጻፈችው ያስታውቃል። ነጥብ የለው፣ አንቀጽ የለው። ከተማዋን ግን እንደ ጓዳዋ ታውቃታለች።

ከፊውሚቺኖ ኤርፖርት ወደ ቴርሚኒ፣ ወደ ዋናው ባቡር ጣቢያ፣ የሚወስደው ቀጥታ ባቡር 32 ደቂቃ ይፈጃል፣ 14 ዩሮ ነው። በ8 ዩሮ የሚሄድ ሌላ ባቡርም አለ። እሱ ቴርሚኒ አይገባም፣ በትራስቴቬሬና በኦስቲየንሴ በኩል ያልፋል። ሆቴል ቴርሚኒ አካባቢ በርካሽ ይገኛል፣ ሰፈሩም ለመጓጓዣ ይመቻል። ነገር ግን ብዙው ሕንፃ አሮጌ ነው። ስለዚህ ከዋጋው በፊት አሳንሰር መኖሩን እንድጠይቅ መከረችኝ። አለ ቢሉኝም ስንተኛ ፎቅ ድረስ እንደሚደርስ እንድጠይቅ። እሷ ራሷ አራተኛ ፎቅ ድረስ ሻንጣ ተሸክማ የወጣችበት ቤት ነበር። ከአልጋው ዋጋ ሌላ በየሌሊቱ በሰው የሚከፈል የከተማ ግብር አለ፣ መጠኑ በሆቴሉ ደረጃ ይለያያል። ሂሳብ ስናስብ እሱን እንዳንረሳ።

ጫማ ላይ ረጅም ጻፈች። የመሀል ከተማው መንገድ እንደኛ ኮብልስቶን ነው፣ ግን ድንጋዩ በዘመን ብዛት ሙልጭ ብሏል፣ ዝናብ ሲነካው ያዳልጣል። ለእናቴ ሶሉ የማይንሸራተት፣ ቀድሞ የተለማመደችው ጫማ እንጂ አዲስ ጫማ እንዳልገዛላት አደራ አለችኝ።

ደግሞ ውሃ። ይሄን አላውቅም ነበር። በከተማው ውስጥ ወደ 2,500 የሚጠጉ የመንገድ ዳር ቧንቧዎች አሉ። ሮማውያን ናሶኒ ይሏቸዋል፣ ትልልቅ አፍንጫዎች ማለት ነው። ቁመታቸው እስከ ደረት የሚደርስ፣ የብረት ምሰሶ የሚመስሉ ናቸው። ውሃው ቀን ከሌት ከጠማማው ቱቦ ይወርዳል፣ ንጹሕ ነው፣ ቀዝቃዛ ነው። የቱቦውን አፍ በጣት ሲደፍኑት ከላዩ ካለች ትንሽ ቀዳዳ ውሃው ወደ ላይ ይፈናጠራል። እንደ ልብ ቀና ብለው ይጠጣሉ። አንድ ባዶ ጠርሙስ ከያዝን የውሃ ወጪ የለብንም።

መልስ 9 የአጎቱን ታሪክ ነው ያመጣው። አጎቱ ከአዲስ አበባ ሄደው የኮሎሲየም ቲኬታቸው 10:00 ይላል። እሳቸው በኛ አቆጣጠር ዐሥር ሰዓት መሰላቸው። በዚያው አቆጣጠር ሲደርሱ ከገቢያ ሰዓታቸው ስድስት ሰዓት አልፏል። በሩ ላይ ቆመው ተመለሱ። እኔም ለእናቴ ሁሉንም ሰዓት በኛ ገልብጬ ልጽፍላት ነው። መልስ 8 እዚሁ ላይ ጣልቃ ገብታ አንድ ነገር ጨመረች፣ ቁጥሯ 10 ነው። የኮሎሲየም ቲኬት በስም ነው የሚቆረጠው፣ በር ላይ ከፓስፖርት ጋር ይመሳከራል። ስለዚህ የአያት ስም ሳይቀር ፓስፖርቱ ላይ እንዳለው አድርጎ መጻፍ ያስፈልጋል። መደበኛው 18 ዩሮ ነው፣ የጥንቱን የሮም አደባባይ ፎረሙንና የፓላቲን ኮረብታን ይጨምራል፣ ውስጡም ሊፍት አለው።

መልስ 11 አውቶቡስ ላይ የተቀጣ ሰው ነው። ቲኬት ገዝቷል፣ ግን ማሽኑ ላይ አላስመታውም። ተቆጣጣሪው ሰምቶ አልራራለትም፣ ከ50 ዩሮ በላይ ከፈለ። አሁን ድረስ እንዳንገበገበው ነው። የ100 ደቂቃው ቲኬት 1.50 ዩሮ ነበር። እዚያው ላይ 64 ቁጥር አውቶቡስ ስትሳፈሩ ቦርሳችሁን ከፊት አድርጉ አለ። ከቴርሚኒ ወደ ቫቲካን የሚሄደው እሱ ነው፣ በሌባ የታወቀ ነው።

ከመልስ 12 እስከ 16 ያለው ስለ ማኪያቶ ነው። አንዱ ሮም ማኪያቶ አዝዞ ጠብታ ወተት የነካው አንድ ጉንጭ ቡና እንደመጣለት ጻፈ። ሌላዋ ላቴ ብላ አዝዛ ብርጭቆ ሙሉ ነጭ ወተት ቀርቦላታል። ላቴ በጣልያንኛ ወተት ነዋ። የኛን ማኪያቶ የሚቀርበው ካፑቺኖ መሆኑን ሦስተኛው አብራራ። ከዚያ ቃላት መቁጠር ተጀመረ። ፒያሳ፣ መርካቶ፣ ካዛንቺስ፣ ጎሚስታ፣ ላቫጆ፣ ፍሪሲዮን። ፉርኖ ሲደርሱ እናቴ አጠገቤ ሆና ሰማች። ልጅ ሳለች ዳቦውንም ቤቱንም ፉርኖ ይሉት ነበር፣ ሮም ውስጥ ፎርኖ የሚል ምልክት ያለበት ሱቅ ሁሉ ዳቦ ቤት መሆኑን ስታውቅ ፊቷ ፈካ። ቡና ቆሞ መጠጣት ተቀምጦ ከመጠጣት እንደሚረክስ የተማርኩትም እዚህ ነው።

ከዚያ መልስ 17 መጣ። የክሩ አየር በአንዴ ተለወጠ።

ጸሐፊው በየካቲት 12 አያቱን ያጣ ቤተሰብ ልጅ ነው። ስድብ የለበትም፣ ግን ቃሉ ያቃጥላል። በመርዝ ጋዝ ያነደዱን፣ ሦስት ቀን አዲስ አበባን ያረዱ ሰዎች አገር ሄዶ ገንዘብ ማፍሰስ እንዴት እንደሚያስደስት ጠየቀኝ። ያውም የታሪክ መምህር ይዞ። መልስ 18 ብልግና ተናገረውና አወያዩ አነሳው። ደግ አደረገ። 17ኛው መልስ ስድብ የሚገባው አልነበረም። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። መልስ ለመስጠት ጣቴ ተሳሰረ።

የመለሱለት ሌሎች ናቸው። መልስ 19 የአክሱምን ሐውልት አነሳ። በ1937 እ.ኤ.አ. ሙሶሊኒ አስነቅሎ ወሰደው፣ ሮም ፖርታ ካፔና አደባባይ ላይ አቆመው። ፊት ለፊቱ ያለው ሕንፃ የቅኝ ግዛት ሚኒስቴር መሥሪያ ቤት እንዲሆን የታሰበ ነበር፣ ዛሬ የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት ዋና መሥሪያ ቤት ነው። በ1947ቱ (እ.ኤ.አ.) የሰላም ውል ጣልያን በ18 ወር ውስጥ ልትመልሰው ፈረመች። የተመለሰው ሚያዝያ 1997 ዓ.ም. (2005 እ.ኤ.አ.) ነው። ከውሉ 58 ዓመት በኋላ። በ2002 እ.ኤ.አ. እዚያው ሮም ሳለ መብረቅ መትቶታል። ሦስት ቦታ ተቆርጦ በሦስት በረራ ነው የገባው፣ በ2000 ዓ.ም. አክሱም ላይ መልሶ ቆመ። የ19ኛው ሰው ሐሳብ ይሄ ነው፦ ሐውልቱ የመጣው ሮም ድረስ ሄደው፣ ፊት ለፊት ቆመው፣ የኛ ነው ሲሉ የኖሩ ሰዎች ስለነበሩ ነው። ባዶውን ቦታ ማየት ራሱ ታሪክ ነው።

መልስ 20 ቴርሚኒ ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት ያለው አደባባይ ፒያሳ ዴይ ቺንኩዌቼንቶ፣ የአምስት መቶዎቹ አደባባይ፣ መባሉን ነገረን። አምስት መቶዎቹ በ1887 እ.ኤ.አ. ዶጋሊ ላይ ራስ አሉላ የደመሰሷቸው የጣልያን ወታደሮች ናቸው። እዚያው አካባቢ የመታሰቢያ ሐውልታቸው አለ። ከላዩ ያለው የግብፅ ሐውልት ነው፣ የራምሴስ 2ኛ። የኛ ሰው በሙሉ ከባቡር ወርዶ በዚያ በኩል ያልፋል፣ ቀና ብሎ የሚያነበው ግን የለም። እኔም ዝርዝሬ ላይ ቴርሚኒን የጻፍኩት ለባቡሩ ብቻ ነበር።

መልስ 21 ዘርዓይ ደረስን ጠቀሰ። ከለገሃር የተወሰደው የይሁዳ አንበሳ ሐውልት ከዚያው መታሰቢያ ሥር ተቀምጦ ነበር። ዘርዓይ እዚያ ቆሞ ሲያየው ሰይፉን እንደመዘዘ ሁላችንም ሰምተን አድገናል። መላሹ የገደላቸውን ሰዎች ቁጥር ጭምር ጻፈ። መልስ 22 ቁጥሩን ተቃወመ። ትረካው በየአፉ የተለያየ ነው፣ ሰነዱ የሚለው ሌላ ነው፣ ጀግንነቱ ቁጥር ባይጨመርበትም አይጎድልም ባይ ነው። ሁለቱ ተካረሩ። እናቴ ስሰማት ከ22ኛው ጋር ናት። ተማሪዎቿንም ስታስተምር የምታውቀውንና የምትሰማውን ለይታ ነበር የምትናገረው። አንበሳው ተመልሶ ዛሬ ለገሃር ቆሟል።

መልስ 23 የኔ ነው። እሱን የጻፍኩት 17ኛውን መልስ ለእናቴ ካነበብኩላት በኋላ ነው። ዝም ብላ ሰማችኝ። ከዚያ ልጁ ልክ ነው አለችኝ፣ ቂሙም የሚገባ ቂም ነው። ግን እሷ የካቲት 12ን በየዓመቱ አስተምራለች። ግንቦት 1 ቀን 1928 ዓ.ም. ሙሶሊኒ ፒያሳ ቬኔሲያ ሰገነት ላይ ወጥቶ ኢትዮጵያን የግዛቱ አካል አድርጎ ማወጁን አስተምራለች። ሰገነቱ ዛሬም አለ። አዋጁ አምስት ዓመት ብቻ እንደቆየ የምታውቅ ሴት፣ በራሷ ቲኬት፣ በነጠላዋ፣ ከሥሩ ቆማ ቀና ብላ ልታየው ትፈልጋለች። ይሄንኑ ጻፍኩለት። 17ኛው ሰው መልስ አልጻፈም፣ ግን በውስጥ መስመር ለእናቴ ሰላምታ ልኳል።

ከመልስ 24 ጀምሮ ወደ ቫቲካን ተሻገርን። አንድ ዲያቆን ቅዱስ እስጢፋኖስ ዘሐበሻ የሚባለውን ቤተ ክርስቲያን አስታወሰ። ከቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ ጀርባ ነው፣ በ1479 እ.ኤ.አ. ጳጳስ ሲክስተስ 4ኛ ለኢትዮጵያ መነኮሳት የሰጡት። አባ ተስፋ ጽዮን የግእዝ አዲስ ኪዳንን በ1548 እና 49 ያሳተሙት እዚያ ኖረው ነው። ጀርመናዊው ሂዮብ ሉዶልፍ በ1649 አባ ጎርጎርዮስን ያገኛቸው ሮም ነው። ግእዝና አማርኛ ያስተማሩት እሳቸው ናቸው፣ ኋላ በ1698 የአማርኛ ሰዋስው አሳተመ። በጥቁር ሰሌዳና በጠመኔ ስለኖረች ሴት ሳስብ፣ ከ31ዱ መልስ ሆዴን ያባባው ይሄ ነው። የቋንቋችን ሰዋስው ታሪክ እዚያ ግድግዳ ሥር ያልፋል።

ዲያቆኑ ግን ሄዳችሁ ግቡ ማለቱ ትክክል አልነበረም። መልስ 8 በ25 ቁጥር ተመልሳ አረመችው። ቤተ ክርስቲያኑም የኢትዮጵያ ኮሌጅም ከቫቲካን ግንብ ውስጥ ናቸው፣ ከውጪ ተነስቶ ሰተት ተብሎ አይገባም። ግንቡ ውስጥ ያለውን የአትክልት ስፍራ ለማየት በቫቲካን ሙዚየም በኩል በቀጠሮ የሚደረግ ጉብኝት አለ። ባዚሊካው ግን በነፃ ነው፣ የፍተሻው ሰልፍ ቢረዝምም። ትከሻና ጉልበት መሸፈን ግዴታ ነው። የእናቴ ነጠላ ለዚህ ይበቃል። ጉልላቱ ላይ መውጣት 551 ደረጃ ነው፣ ከፊሉን በአሳንሰር ቢያልፉትም 320 ይቀራል። እሱን ከዝርዝሬ ሰረዝኩት።

መልስ 26 ስለ ተዋሕዶና ካቶሊክ ጠብ ሊያነሳ ሞከረ። አወያዩ በ27 ጥያቄው የጉዞ መሆኑን አስታውሶ ዘጋው።

መልስ 28 ስለ ጾም ነው፣ እኔ ራሴ ሳላስበው የረሳሁት። መጋቢት ዐቢይ ጾም ላይ ነው፣ እናቴ ደግሞ ጾም አትገድፍም። ሮም ለጦመኛ እንደሚባለው አትከብድም። ፒዛ ማሪናራ አይብ የለውም፣ ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ኦሬጋኖና ዘይት ነው። ፎርኖ ውስጥ በኪሎ እየተቆረጠ የሚሸጥ ቀይ ፒዛ አለ። ስፓጌቲ በቲማቲም ያለ ፎርማጆ ማዘዝ ይቻላል። በድሮው የአይሁድ ሰፈር ሙሉውን በዘይት የሚጠበስ አርቲቾክ የሚባል አትክልት አለ፣ ወቅቱም ያው መጋቢት ነው። እንጀራ ካማራትም ቴርሚኒ አካባቢ የሐበሻ ምግብ ቤት አይጠፋም። ምግብ ቤት ስንቀመጥ ለዳቦ በሰው የሚታሰብ ክፍያ ሂሳቡ ላይ ብናይ እንዳንደነግጥም ጽፏል።

መልስ 29 ፓንቴዎንን እንዳልዘለው ለመነኝ፣ እኔም ቦታ ሰጥቼዋለሁ። መግቢያው በ2025 እ.ኤ.አ. 5 ዩሮ ነበር። የጉልላቱ ስፋት 43.3 ሜትር ነው፣ ብረት የሌለበት ኮንክሪት። አናቱ ላይ ክፍት ዓይን አለው፣ ዝናብ ሲጥል ውስጥ ይገባል፣ ወለሉ ላይ ባሉ ቀዳዳዎች ይወርዳል። ደረጃ የለውም። ዝናብ ቀን እንድንሄድ ነው የመከረኝ።

መልስ 30 ደግሞ አበበ ቢቂላን አመጣ። እስካሁን ማንም አለማንሳቱ ገርሞታል። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. (1960 እ.ኤ.አ.)፣ የአዲስ ዓመት ዋዜማ። ማራቶኑ ወደ ማታ ተጀመረ፣ በአፒያ መንገድ ላይ ወታደሮች ችቦ ይዘው ያበሩ ነበር። አበበ በባዶ እግሩ፣ 11 ቁጥር ለብሶ፣ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ጨረሰ። መጨረሻው የቆስጠንጢኖስ ቅስት ሥር ነው። ሞሮኳዊውን ተፎካካሪ ትቶት የሄደው የአክሱም ሐውልት ከቆመበት አጠገብ ሲደርስ ነው። ሐውልቱ ያኔ ገና ሮም ነበር። ከ50 ዓመት በኋላ፣ በ2010 እ.ኤ.አ.፣ ሲራጅ ገና የሮም ማራቶንን ሲያሸንፍ መጨረሻው ላይ ጫማውን አውልቆ በባዶ እግሩ ነው የገባው።

መልስ 31 የመልስ 8 ናት፣ የመጨረሻውም እሷ ናት። ከሥራ ስትወጣ የጻፈችው ይመስለኛል፣ አጭር ነው። ኮሎሲየም ለማየት ኮሎሲየም የሚለው ሜትሮ ጣቢያ እንዳንወርድ አለችኝ። ከቴርሚኒ ቢ መስመርን ይዘን ኮሎሲየምን በአንድ ጣቢያ አልፈን ቺርኮ ማሲሞ እንድንወርድ። ስንወጣ ፖርታ ካፔና ላይ ነን፣ ሐውልቱ የነበረበት። ከዚያ ቪያ ዲ ሳን ግሬጎሪዮ በዛፎች መካከል ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ሜዳ ነው፣ ዳገት የለውም፣ ቀስ ብሎ ለሚሄድ ሰው ሩብ ሰዓት ነው። አበበ የሮጠበት ነው። መጨረሻው ላይ ቅስቱ፣ ከቅስቱ ጎን ኮሎሲየሙ ቀስ በቀስ እየተገለጠ ይመጣል። አመሻሹ ላይ ይሻላል።

ለእናቴ አነበብኩላት። መነጽሯን አደረገች፣ የድሮ የማስተማሪያ ደብተሯን አወጣችና ዝርዝሩን በእጇ ትጽፍ ጀመር። 23ቱ ወደ 8 ወርደዋል። ቁጥር 1 ብላ የጻፈችው ከፖርታ ካፔና እስከ ቅስቱ ያለውን መንገድ ነው። ከጎኑ 12 ሰዓት አለች፣ በኛ አቆጣጠር። ኮሎሲየም ቁጥር 2 ነው።